ፊደላችን በኬላው ሲያልፍ

ከፓይዘን ወደ ሲ ቋንቋ ጽሑፍንና ቍጥርን ስለ ማሻገር

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ኮምፒዩተር ቋንቋ ሲጽፍ፥ አንባቢው «ይህ ሰው ደግሞ የሳይንስ ፋኩልቲን መንገድ በምን አውቆት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። እኔም ራሴ ካቻምና ቢሆን ኖሮ ይህንኑ እጠይቅ ነበር። ነገር ግን ለመመረቂያ ጽሑፌ የያዝሁት ሥራ ሳልወድ በግድ ወደዚህ መንገድ አስገባኝ፤ ከገባሁም በኋላ ያየሁት ነገር እኛን የቋንቋ ተማሪዎችን ከማንም ይልቅ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት፥ ለጓደኞቼ ለማካፈል ይህን ጽሑፍ አቀረብሁ።

ሥራዬ እንዲህ ነው። በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ሆኖ መልካቸው የተለያየ ፊደሎች እንዳሉን ሁላችንም እናውቃለን፤ ይኸውም ሀ፥ ሐና ኀ፤ ሠና ሰ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ናቸው። ከዚህ የተነሣ አንዱ ጸሐፊ «ሐሳብ» ሲል ሌላው «ሃሳብ»፥ ሦስተኛው ደግሞ «ሀሳብ» ብሎ ይጽፋል። እኔ ለማወቅ የፈለግሁት ጸሐፊዎች አንዱን ቃል በስንት ዐይነት እንደሚጽፉትና የትኛው አጻጻፍ እንደሚበዛ ነበር። ይህን በእጅ ልቍጠር ቢሉ ዕድሜ ይፈጃል። በኮምፒዩተር ግን የእያንዳንዱን ቃል ፊደሎች ወደ አንድ መልክ አምጥቶ አንድ ቍልፍ ቃል መሥራት፥ ከዚያም በዚያ ቍልፍ ሥር የተሰበሰቡትን ልዩ ልዩ አጻጻፎች መቍጠር ይቻላል።

ፕሮግራሙን በመጀመሪያ የጻፍሁት በፓይዘን ነው። ሥራውን በትክክል ይሠራል፤ ነገር ግን የሰበሰብሁት ጽሑፍ ብዙ ስለ ነበረ እጅግ ይዘገያል። በዚህ ጊዜ አንድ የምሕንድስና ጓደኛዬ «ፓይዘን ዘገምተኛ ነው፤ ፊደል የሚለውጠውን ክፍል በሲ ጻፈው» ሲል መከረኝ። ብዙ ሌሊት ደክሜ ጻፍሁት። ውጤቱ ምን ሆነ ብትሉ፥ መጀመሪያ የፊደሎቹ ቍጥር ሦስት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ያንን ካስተካከልሁ በኋላ ደግሞ ፕሮግራሙ ያው እንደ ቀድሞው ዘገምተኛ ሆነ። ሲ ፈጣን ነው የተባለው ሐሰት ነውን? አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ድካሜን ሁሉ ያፈሰስሁት በሥራው ላይ ሲሆን፥ ጊዜው የሚባክነው ግን ወደ ሥራው በሚያደርሰው መንገድ ላይ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

፩፤ ሁለቱ ቋንቋዎች

ሲ ቋንቋን ዴኒስ ሪቺ በቤል ላቦራቶሪ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በሲ የተጻፈ ፕሮግራም አስቀድሞ ወደ ማሽኑ ቋንቋ ተተርጕሞ ስለሚያልቅ ሲሠራ እጅግ ይፈጥናል። በምትኩ ጸሐፊው እያንዳንዱ ነገር በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የት እንደ ተቀመጠና ስንት ባይት እንደሚይዝ ራሱ ማወቅ አለበት።

ፓይዘን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1991 በኔዘርላንዳዊው ጊዶ ቫን ሮሰም እጅ የወጣ ቋንቋ ነው። እንዲህ ያሉት ቋንቋዎች ስክሪፕት ቋንቋ ይባላሉ። ጸሐፊው ስለ ባይትና ስለ አድራሻ አይጨነቅም፤ ቋንቋው ራሱ ያስብለታል። ይህን የሚያደርገው ግን እያንዳንዱን ነገር፥ አንድ ቍጥር ወይም አንድ ፊደል እንኳ ቢሆን፥ በልዩ መጠቅለያ ውስጥ አድርጎ በመያዝ ነው። በመጠቅለያው ላይ የነገሩ ዐይነት፥ ስንት ሰዎች እንደሚፈልጉትና መጠኑ ተጽፎበታል።

ታዲያ የሁለቱን በጎነት ለማጣመር ሲባል ከባዱን ሥራ በሲ ጽፎ ከፓይዘን መጥራት የተለመደ ሆነ። በዚህ ዐይነት የተጻፈው የሲ ክፍል ኤክስቴንሽን ይባላል፤ እኛ ተቀጥላ እንበለው። ተቀጥላ መጻፍ የሚቻለውም መደበኛው ፓይዘን ራሱ በሲ የተጻፈ ስለ ሆነ ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል ድንበር አለ ማለት ነው፤ በአንድ በኩል የተጠቀለለ ዕቃ፥ በሌላው በኩል ያልተጠቀለለ። በድንበሩ ላይም ኬላ አለ።

፪፤ በኬላው ላይ የሚጠፋው ጊዜ

አንድ የሱሉልታ ገበሬ ድርቆሹን በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ ያወርዳል እንበል። በመንገዱ ላይ ኬላ አለ፤ በኬላውም ዘበኛው ጭነቱን አስወርዶ፥ ምን እንደ ሆነ ጠይቆ፥ በመዝገብ ጽፎ ያሳልፋል። ገበሬው ድርቆሹን በአንድ መኪና ቢያመጣ ኬላው ላይ የሚቆመው አንድ ጊዜ ነው። ነገር ግን አንዲት አንዲት እፍኝ እየያዘ አንድ ሺህ ጊዜ ቢመላለስ አንድ ሺህ ጊዜ ይቆማል። መኪናው የቱንም ያህል ቢፈጥን፥ እግሩም የቱንም ያህል ቢበረታ፥ ቀኑን የሚበላበት ኬላው ነው።

የእኔም ፕሮግራም ያደረገው ይህንኑ ነበር። በፓይዘን በኩል ጽሑፉን ፊደል በፊደል እያወጣሁ፥ ለእያንዳንዱ ፊደል የሲውን ተቀጥላ እጠራ ነበር። በእያንዳንዱ ጥሪ ላይ ፓይዘን የሚጠራውን ነገር ይፈልጋል፤ የሚላከውን ዕቃ ያዘጋጃል፤ ተቀጥላው ደግሞ «ይህ በእርግጥ ጽሑፍ ነውን?» ብሎ ይመረምራል፤ መጠቅለያውን ይፈታል፤ ፊደሉን ይለውጣል፤ የተለወጠውን እንደ ገና ጠቅልሎ ይመልሳል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል እውነተኛው ሥራ ፊደሉን መለወጥ ብቻ ነው።

ነገሩን በቍጥር እንየው። በዛሬው ጊዜ ባለው ተራ ኮምፒዩተር ላይ ከፓይዘን ወደ ሲ አንድ ጊዜ ደርሶ መመለስ ከ50 እስከ 100 ናኖሰከንድ ይፈጃል ብለን እናስብ። ናኖሰከንድ ማለት የአንድ ሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በሲ ውስጥ አንድን ፊደል መርምሮ መለወጥ ደግሞ ከአንድ ናኖሰከንድ ብዙም አያልፍም። እንግዲህ አንድ መቶ ሚሊዮን ፊደል ያለበት የጽሑፍ ክምችት ቢኖረን፥ እውነተኛው ሥራ አንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ሲሆን መመላለሱ ግን ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይሆናል። ሲውን ሁለት እጥፍ ብናፈጥነው እንኳ ልዩነቱ አይታይም። ጽሑፉን በሙሉ በአንድ ጊዜ ብንልከው ግን የኬላው ወጪ ከመቶ ሚሊዮን ጥሪ ወደ አንድ ጥሪ ይወርዳል።

ተቀጥላ ሳይጽፉ ከፓይዘን ወደ ሲ የሚያደርስ ሲታይፕስ የተባለ መሣሪያም አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ከፓይዘን ጋር አብሮ ይመጣል። ለአጠቃቀም ቀላል ነው፤ ነገር ግን የሚላከውን ነገር ዐይነት በየጥሪው እየመረመረ ስለሚያስተካክል ኬላው ከተቀጥላው ኬላ ይልቅ የዘገየ ነው። በእርሱ ፊደል በፊደል መመላለስ ከሁሉ የከፋ ነው።

፫፤ ፊደላችን የሚከፍለው ልዩ ቀረጥ

እስካሁን የተባለው ለማንኛውም ቋንቋ ይሠራል። አሁን ግን በተለይ ወደ እኛ ቤት እንግባ፤ በዚህ ኬላ ላይ የእንግሊዝኛና የአማርኛ ፊደል እኩል አይስተናገዱምና።

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በመዝገቡ እያንዳንዱ ፊደል ቍጥር ተሰጥቶታል፤ የሀ ቍጥር 4608 ነው። እነዚህ ቍጥሮች በአንድ ባይት ሊያዙ አይችሉም፤ አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ይይዛልና። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ከፓይዘን 3.3 ጀምሮ ፓይዘን የእንግሊዝኛን ጽሑፍ በየፊደሉ በ1 ባይት፥ የእኛን በ2 ባይት ይይዛል። በአማርኛው ጽሑፍ መካከል አንዲት የስልክ ሥዕላዊ ምልክት፥ ኢሞጂ የሚሏት፥ ከገባች ደግሞ ጽሑፉ በሙሉ በየፊደሉ 4 ባይት ይሆናል። ፓይዘን ለአንድ ጽሑፍ የሚመርጠው አንድ ስፋት ብቻ ስለ ሆነ፥ አንዷ የሰፋች ሁሉን ታሰፋለች።

ይህን ከያዝን ዘንድ ሦስቱን ቀረጦች በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ቀረጥ ገና ከኬላው ሳይደረስ የሚከፈል ነው። በፓይዘን ውስጥ ከጽሑፍ አንድ ፊደል ነጥለን ስናወጣ፥ ያ ፊደል ራሱን የቻለ ጥቅል ዕቃ ይሆናል። ቍጥራቸው እስከ 255 ለሆነ ፊደሎች፥ ማለትም ለእንግሊዝኛና ለምዕራብ አውሮፓ ፊደሎች፥ ፓይዘን ጥቅሉን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል፤ በተፈለገ ጊዜ ያንኑ ይሰጣል። ለእኛ ፊደል ግን በየጊዜው አዲስ ጥቅል ይሠራል፤ ለ2 ባይት ፊደል 60 ወይም ከዚያ የሚበልጥ ባይት ያለው ዕቃ ማለት ነው። ፊደል በፊደል መሄድ ለእንግሊዝኛ መጥፎ ከሆነ ለአማርኛ የባሰ መጥፎ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቀረጥ የትርጕም ቀረጥ ነው። የሲ ጸሐፊ ጽሑፍ ከፓይዘን ሲቀበል በጣም የተለመደው መንገድ «ፓይ-ዩኒኮድ-አዝ-ዩቲኤፍ-8» የሚባለው ጥሪ ነው። ይህም ጽሑፉን ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ ይሰጣል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ነው፤ በፓይዘን ውስጥ ከተቀመጠበት መልክ ጋርም ፈጽሞ አንድ ነው። ስለዚህ ፓይዘን ምንም ሳይቀዳ ጽሑፉ ያለበትን አድራሻ ብቻ ይሰጥና ያሳልፈዋል። የእኛ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 3 ባይት ነው፤ ሁለት ነጥቡና አራት ነጥቡም ጭምር። ስለዚህ እያንዳንዱ ፊደል ከ2 ባይት መልኩ ወደ 3 ባይት መልኩ መተርጐም አለበት። የፊደሎቼ ቍጥር ሦስት እጥፍ ሆኖ የወጣውም ከዚህ የተነሣ ነበር፤ አንዱን ባይት አንድ ፊደል አድርጌ ስለ ቈጠርሁት «ሀ» ሦስት ሆና ቀረች።

ይህን በባቡር እንመስለው። ከሰበታ የሚነሣው የአዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው፤ የቀድሞው ባቡር ሐዲድ ግን 1000 ሚሊሜትር ነበር። ሁለቱ ሐዲዶች በአንድ ጣቢያ ተገናኝተው ቢሆን ኖሮ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ ሊሄድ ባልቻለ ነበር፤ ጭነቱ በሙሉ ወርዶ እንደ ገና መጫን ነበረበት። እንግሊዝኛ በኬላው ሲያልፍ ሐዲዱ አንድ ነው፤ አማርኛ ሲያልፍ ግን ጭነቱ ይገለበጣል።

ሦስተኛው ቀረጥ የቦታ ቀረጥ ነው። ፓይዘን የተረጐመውን ቅጂ አይጥለውም፤ ሌላ ጊዜ ቢፈለግ ብሎ ከዋናው ጽሑፍ ጋር አያይዞ ያስቀምጠዋል፤ ዋናው ጽሑፍ እስካለ ድረስም ቅጂው ይኖራል። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን የእኛ ፊደል ያለበት ጽሑፍ አስቀድሞ 2 ሚሊዮን ባይት ይዞ የነበረው፥ አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ከተሻገረ በኋላ 5 ሚሊዮን ባይት ይይዛል። አንድ ሚሊዮን የእንግሊዝኛ ፊደል ግን ቀድሞም በኋላም 1 ሚሊዮን ባይት ነው።

እዚህ ላይ ግን ፍርድ እንዳናጓድል እንጠንቀቅ። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ይይዛልና ፊደልን ከፊደል ጋር ማወዳደር ብቻውን ትክክለኛ ሚዛን አይደለም። በቀድሞው የመናገሻ አውራጃ ከተሞች፥ በሰበታም በቡራዩም በሱሉልታም፥ የሱቅ ማስታወቂያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ጎን ለጎን ተጽፎ ይታያል። አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ የላቲን ፊደል ስለ ሆነ በኬላው ላይ እንደ እንግሊዝኛ ያልፋል። «ሱሉልታ» የሚለው ስም በቁቤ ሲጻፍ 8 ፊደል ነው፤ በፓይዘንም 8 ባይት። በእኛ ፊደል 4 ፊደል ነው፤ በፓይዘን 8 ባይት። ይህን ያህል እኩል ናቸው። ሲሻገሩ ግን የቁቤው ያው 8 ባይት ሆኖ ያለ ቅጂ ያልፋል፤ የእኛው 12 ባይት ያለበት አዲስ ቅጂ ይሠራለታል። እንግዲህ ጕድለቱ በፊደላችን ተፈጥሮ ላይ አይደለም፤ ጕድለቱ በመረጥነው በር ላይ ነው።

፬፤ ጭነቱን ትቶ ቍልፉን መስጠት

ሌላ በር አለን? አለ። ድርቆሹን ሁሉ ተሸክሞ ከመምጣት ይልቅ ገበሬው የጎተራውን ቍልፍና ጎተራው ያለበትን ቦታ ለገዢው ቢሰጠውስ? ገዢው ሄዶ በቦታው ያየዋል፤ የሚሸከም የለም።

ፓይዘን ለሲ ጸሐፊ ይህን ይፈቅዳል። «ፓይ-ዩኒኮድ-ካይንድ» የሚባለው ጥሪ ጽሑፉ በ1፥ በ2 ወይም በ4 ባይት ስፋት መቀመጡን ይናገራል፤ «ፓይ-ዩኒኮድ-ዳታ» ደግሞ የተቀመጠበትን አድራሻ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ሲው ፊደሎቹን ባሉበት ቦታ፥ ምንም ሳይተረጕም፥ አንድ በአንድ ያነባቸዋል። ፊደል በፊደል መሄዱ አልቀረም፤ ነገር ግን አሁን የሚሄደው ከድንበሩ ወዲያ፥ ኬላ በሌለበት ሜዳ ላይ ነው።

በዚህ መንገድ የፊደላችን አቀማመጥ ራሱ ሥራውን ያቀልለታል። በዩኒኮድ መዝገብ ውስጥ ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት 8 ተከታታይ ቦታ ተመድቦለታል፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። የሠ ቤት ከ4640፥ የሰ ቤት ከ4656 ይጀምራል፤ ልዩነታቸው 16 ነው። ስለዚህ ሣ ቍጥሯ 4643 ስለ ሆነ 16 ብንደምርባት 4659 ትሆናለች፤ እርስዋም ሳ ናት። ሐን ወደ ሀ ለማምጣት 16 መቀነስ፥ ኀን ወደ ሀ ለማምጣት 128 መቀነስ፥ ዐን ወደ አ ለማምጣት 48 መቀነስ፥ ፀን ወደ ጸ ለማምጣት 8 መቀነስ ይበቃል። ካህናቱ ከጥንት ጀምሮ ያስጠኑን ገበታ ራሱ የሒሳብ ገበታ ሆኖ ተገኘ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው በስምንተኛው ቦታ ላይ ነው፤ በዚያ የተቀመጡት ፊደሎች በየቤቱ ስለሚለያዩ ሒሳቡን በሰባቱ ላይ ብቻ መወሰን ይገባል።

ቍልፍ የተቀበለ ሰው ግን ሦስት ግዴታ አለበት።

አንደኛ፤ በጎተራው ውስጥ ምንም አይለውጥም። በፓይዘን ጽሑፍ አንድ ጊዜ ከተሠራ አይለወጥም፤ ሌሎችም ያንኑ ጽሑፍ ይዘውት ይሆናል። የተለወጠውን ጽሑፍ የሚይዝ አዲስ ቦታ «ፓይ-ዩኒኮድ-ኒው» በሚባለው ጥሪ አስፈቅዶ በዚያ መጻፍ አለበት።

ሁለተኛ፤ ባለቤቱ ጎተራውን ካፈረሰ በኋላ በቍልፉ አይጠቀምም። ፓይዘን አንድን ዕቃ የሚፈልግ ሰው እንደ ሌለ ሲያውቅ ቦታውን ለሌላ ይሰጣል። አድራሻውን ይዞ የቀረው ሲ ከዚያ በኋላ የሚያነበው የሌላ ሰው ዕቃ ነው፤ ፕሮግራሙም ወይ ይሞታል ወይ ደግሞ ከዚህ በከፋ ሁኔታ የተሳሳተ ውጤት እየሰጠ ይኖራል።

ሦስተኛ፤ ስፋቱን ሳይጠይቅ አያነብም። ጽሑፉ ሁሉ አማርኛ ነው ብሎ በ2 ባይት ብቻ የሚያነብ ተቀጥላ፥ አንዲት ኢሞጂ ወይም እንግሊዝኛ ብቻ ያለበት አንድ መሥመር በመጣ ቀን ይሳሳታል።

በነገራችን ላይ ኬላው በሁሉም ስክሪፕት ቋንቋዎች አንድ ዐይነት አይደለም። ለምሳሌ በብራዚል የተወለደው ሉዓ የተባለው ቋንቋ ጽሑፍን ከመጀመሪያው እንደ ባይት ሰልፍ ስለሚይዘው፥ የዩቲኤፍ-8 አማርኛ ወደ ሲ ሲሻገር አይተረጐምም። ነገር ግን ፊደልን ከፊደል የመለየቱ ሸክም በጸሐፊው ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ቀረጡ አልጠፋም፤ የሚከፈልበት ቦታ ተለወጠ እንጂ።

፭፤ ስለ ቍጥሮች

ይኸው ትምህርት ለቍጥሮችም ይሠራል። የኢኮኖሚክስና የጂኦግራፊ ጓደኞቼ የዋጋ ወይም የዝናብ ቍጥሮችን በፓይዘን ዝርዝር ውስጥ ይሰበስባሉ። አንድ ሚሊዮን የነጥብ ቍጥር ያለበት ዝርዝር፥ በተለመደው ባለ64 ቢት ኮምፒዩተር ላይ፥ ቍጥሮቹን ራሳቸውን አይዝም፤ የያዘው የአንድ ሚሊዮን አድራሻ ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ 8 ባይት። በየአድራሻው ደግሞ 24 ባይት የሆነ አንድ አንድ ጥቅል አለ። በድምሩ 32 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። ሲ የሚፈልገው ግን 8 ሚሊዮን ባይት ብቻ፥ ያለ መጠቅለያ በአንድ ሰልፍ የቆመ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ በተሻገረ ቍጥር አንድ ሚሊዮን ጥቅል ይፈታል፤ ውጤቱም በዝርዝር ከተመለሰ አንድ ሚሊዮን ጥቅል እንደ ገና ይጠቀለላል።

መፍትሔው ቍጥሮቹን ከመጀመሪያው በሰልፍ መያዝ ነው። ከፓይዘን ጋር የሚመጣው «አሬይ» ወይም እ.ኤ.አ. በ2006 በመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው ነምፓይ ይህን ያደርጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጡት በፓይዘን 2.6ና 3.0 ደግሞ ዛሬ የምንጠቀምበት የ«በፈር» ስምምነት ገባ። በዚህ ስምምነት አንድ ወገን የሰልፉን አድራሻ፥ ርዝመትና የእያንዳንዱን ቍጥር ስፋት ለሌላው ይነግረዋል፤ አንድም ቍጥር አይቀዳም። ይህም ያው የጎተራው ቍልፍ ነው።

፮፤ ሲ ከመጻፍ በፊት

አሁን ደግሞ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናገር። ይህን ሁሉ ከተማርሁ በኋላ ሥራዬ ተቀጥላ የሚያስፈልገው እንዳልነበረ ተረዳሁ። ፓይዘን «ሪፕሌስ» የሚባል በጽሑፍ ውስጥ አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካ ትእዛዝ አለው። ትእዛዙ ራሱ በውስጡ በሲ የተጻፈ ነው፤ አንድ ጊዜ ሲጠራም ጽሑፉን በሙሉ ባለበት ያካሂደዋል። የምለውጣቸው የፊደል ቤቶች አምስት ናቸው፤ ሐ፥ ኀ፥ ሠ፥ ዐና ፀ። በየቤቱ ሰባት ስለ ሆኑ 35 መተካት ያስፈልጋል። «ሃሳብ»ን ከ«ሀሳብ»፥ «ዓለም»ን ከ«ዐለም» ለማገናኘት ደግሞ በመጨረሻ ሃን ወደ ሀ፥ ኣን ወደ አ መለወጥ ስላለብን 37 ይሆናል። ጽሑፉ አንድ መቶ ሚሊዮን ፊደል ቢኖረውም ኬላው ላይ የምንቆመው 37 ጊዜ ብቻ ነው! ብዙ ሌሊት የደከምሁበት ነገር በጥቂት መሥመር አለቀ።

ስለዚህ ለጓደኞቼ የምመክረው ቅደም ተከተል ይህ ነው። በመጀመሪያ ጊዜው የት እንደሚጠፋ በሰዓት ለኩ፤ በግምት አትሂዱ። ቀጥሎ ጥሪው ስንት ጊዜ እንደሚደረግ ቍጠሩ። ከዚያም ፓይዘን ራሱ በሲ ጽፎ ያስቀመጠው ትእዛዝ እንዳለ ፈልጉ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ብቻ ተቀጥላ ጻፉ፤ ስትጽፉም ሥራውን በሙሉ በአንድ ጥሪ ላኩ፤ ውጤቱንም በአንድ ጥሪ ተቀበሉ፤ የሚቻል ከሆነ አድራሻ ስጡ እንጂ ቅጂ አትስጡ። ቅጂ የግድ ከሆነም ጽሑፉን ራሳችሁ ወደ ዩቲኤፍ-8 ባይት ለውጣችሁ ላኩት፤ ሥራው ሲያልቅ ልትጥሉት ትችላላችሁና።

፯፤ ይህ ለእኛ ምናችን ነው?

አንዳንድ ጓደኞቼ «እነዚህ የሴኮንድ ክፍልፋዮች ለቅኔና ለታሪክ ተማሪ ምን ይጠቅሙታል?» ይሉ ይሆናል። መልሴ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፤ ቋንቋዎቻችንን በማሽን የመመርመር ሥራ ተጀምሯል። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ማይክል ጋሰር ሆርንሞርፎ የተባለውን፥ የአማርኛን፥ የአፋን ኦሮሞንና የትግርኛን ቃላት ወደ ሥራቸውና ወደ ቅጥያቸው የሚለየውን ፕሮግራም የጻፈው በፓይዘን ነው። ወደ ፊት ይህን የመሰለ ሥራ መሥራት የእኛ የልጆቹ ፋንታ መሆን ይገባዋል። አብዛኞቻችን የምንሠራው ደግሞ በተዋሱት ወይም ባረጀ ኮምፒዩተር ነው። እኔ ራሴ በየማለዳው ከቡራዩ እስከ ስድስት ኪሎ የምመላለስ ሰው ስለ ሆንሁ፥ ማታ ቤት ደርሼ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ያለችኝ ሰዓት ትንሽ ናት። በዚህች ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ፕሮግራምና የማያልቅ ፕሮግራም ልዩነታቸው የምርምሩ መኖርና አለመኖር ነው። 2 ሚሊዮን ባይት 5 ሚሊዮን ሲሆን፥ ትልቅ ማሽን ያለው አይሰማውም፤ ጽሑፉ ሲከማች ግን የእኛ ትንሽ ማሽን ይሰማዋል።

ሁለተኛው ግን ከዚህ ይበልጣል። ማሽኑ ፊደሎቹን አንድ ሲያደርጋቸው የሚጠፋ ነገር እንዳለ የምናውቀው እኛ ነን። «ድኅነት» መዳን ነው፤ «ድህነት» ማጣት ነው። «ሠዓሊ» ሥዕል የሚሥል ነው፤ «ሰኣሊ» የሚለምን ነው። በእኔ ቍልፍ ሥር እነዚህ ሁሉ ተደባልቀው ይመጣሉ፤ ማሽኑም በአንድ ዐሥረኛ ሰከንድ ደባልቋቸው ምንም አይሰማውም። ስለዚህ የመጀመሪያውን አጻጻፍ ከቍልፉ ጋር ጠብቄ መያዝ፥ ከዚያም የተደባለቁትን በዐይኔ አይቼ መለየት ነበረብኝ። ይህን መለየት ኢንጂነሩ ብቻውን አይችለውም፤ እኛም ብቻችንን መቶ ሚሊዮን ፊደል አንቈጥርም።

እንግዲህ በሁለቱ ፋኩልቲዎች መካከልም አንድ ኬላ አለ ማለት ነው። እኛ ጥያቄያችንን እፍኝ እፍኝ እየያዝን ወደ እነርሱ እንሄዳለን፤ እነርሱም «በሲ ጻፈው» ብለው እፍኝ መልስ ይሰጡናል። ጓደኛዬ የመከረኝ በቅንነት ነበር፤ ፕሮግራሙን ግን አላየውም፤ እኔም አላሳየሁትም። በኋላ ሁለታችን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባነበብንበት ምሽት፥ ስሕተቱ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ተገኘ። ሁለተኛ ጥያቄ ሲኖረኝ ሥራዬን በሙሉ ይዤ ወደ እርሱ እሄዳለሁ፤ እርሱም አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ሲቸግረው እንዲሁ እንዲያደርግ ተስማምተናል።